የቀይዋ መኪና ግራ ፓራፋንጎ

ጋሽ መሐመድዘይን የተገኙት ሰኞ ጠዋት፣ የጋራዡ በር ገና እንደተከፈተ ነው። ቀይዋ መኪና አጠገብ በጎናቸው ተኝተዋል። አንድ እጃቸው የፊት ጎማውን ተደግፏል፤ ከሩቅ ላያቸው ሥራ ደክሟቸው ጋደም ያሉ ይመስላሉ። ጠጋ ሲሉ ግን ከጭንቅላታቸው በስተኋላ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ደርቆ ጠቁሯል። የክሪክ እጀታ እግራቸው ሥር ወድቋል።

ሃምሳ አለቃ ሮማነወርቅ ከዚያ በፊት ሬሳ አላየችም ማለት አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ ናዝሬት ውስጥ ሬሳ ያላየ ሰው አልነበረም። ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ መንገድ ዳር እያዩ ፊታቸውን አዙረው ያልፉ ነበር። ግን የመንገድ ዳሩን ማን ገደለው ተብሎ አይጠየቅም። የጋሽ መሐመድዘይን ገዳይ ይጠየቃል፤ ጠያቂዋም እሷ ናት። ያስፈራት ይህ ነበር።

ፖሊስነት የጀመረችው ሴት እስረኞችን በመፈተሽ ነው። ቀጥሎ የጽሕፈት መኪና ላይ ተቀመጠች። መርማሪዎቹ፣ ባሏ ፈይሳ ጭምር፣ ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ሲዘምቱ ሻምበል ኢተፋ “እስኪመለሱ” ብለው የምርመራ ወንበር ላይ አስቀመጧት። እስከዚያ ቀን የያዘችው ትልቁ ጉዳይ የብስክሌት ስርቆት ነበር።

መኪናዋን ዞራ አየቻት። የብርቱካን እርሻ የነበረው አንድ ባለርስት በ1967 ሲኮበልል የጣላት ስፖርት መኪና ናት። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ቁመቷ ከሰው ወገብ አይደርስም። ለየካቲት በዓል ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ትልቅ እንግዳ አስጊጠው እንዲያቀርቧት ጋራዡ ታዟል። በቀኝ በኩል በበሩና የፊት ጎማውን በሚሸፍነው ፓራፋንጎ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል ነው፤ እርሳስ ቢያስኬዱበት ሳይሰናከል ይወርዳል። በግራ በኩል ግን ከላይ ጣት ያስገባል፣ ከታች በሩ ጠርዙን ይነክሳል። ቡሎኖቹ ዙሪያ ቀለሙ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። መሬት ላይ ከቡሎን ሥር የሚገቡ ጥቂት ስስ የብረት ቀለበቶች፣ ሮንዴላዎች፣ ተበትነዋል። ፓራፋንጎውን በጣቷ አንኳኳችው። የቆርቆሮ ድምፅ አልሰጠም፤ እንደ ደረቅ ቅል ነው የጮኸው።

ተንበርክካ ከጎማው በላይ እጇን እስከ ትከሻዋ አስገባች። ውስጥ ግድግዳው ላይ ጠርዙ ሻካራ የሆነ ቀዳዳ ዳሰሰች። ባዶ ነው። እጇን ስታወጣ የደንብ ልብሷ እጅጌ ነጭ አቧራ ለብሷል።

“አሻጥር ነው፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ።”

ከኋላዋ የቆመው የጋራዡ አስተዳዳሪ ጓድ ሰንበታ ነው። ረጅም፣ ካኪው የተተኮሰ፣ ደረቱ ላይ ዓርማ የለጠፈ ካድሬ ነው።

“የበዓሉን መኪና ሊያበላሹ ገብተው ሽማግሌውን ገደሉት። እኛ ሁላችን፣ ዘበኛው ሳይቀር፣ ትናንት ወንጂ ለአገዳ ቆረጣ ዘመቻ ወጥተናል። ሽማግሌው በዕድሜው ቀረ። ሌላ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው።”

“ማን?”

“አምባዬ። መካኒኩ። ቅዳሜ ከሽማግሌው ጋር ተጣልቶ ነበር፤ ጠይቂ።”

መጠየቅ አላስፈለጋትም። ግቢው ውስጥ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች አንድ ቀጭን ወጣት ክንዱን ወደ ኋላ ጠምዝዘው እየነዱት ነው። በር ላይ ከተሰበሰቡት መካከል ትልቅ የልብስ እስር ያዘለች ሴት እስሩን መሬት ላይ ጥላ ጮኸች።

“ልጄን! ኧረ ልጄን! ምን አደረገ?”

“ዝም በይ አንቺ! እናትየዋ ናት፣ የሠራተኞቹ ልብስ አጣቢ” አለ ሰንበታ፣ የትከሻውን ጥግ በአገጩ እያሻሸ።

* * *

ሻምበል ኢተፋ መስኮቱን ዘግተው ነበር የሚያወሩት። ድሮ ሲስቁ ጣቢያው ይሰማ ነበር፤ አሁን ሲያስሉም ድምፃቸውን ይቀንሳሉ።

“ሰንበታ ወደ ላይ ደውሏል። ጉዳዩ ፀረ አብዮት ነው ብሏቸዋል። እስከ ሐሙስ ጠዋት ገዳዩን ካላረጋገጥን ልጁን ይወስዱታል።”

“የት ነው የሚወስዱት ጌታዬ?”

 ሁለቱም ያውቁታል። ከዚያ ቦታ የሚመለሰው የሟቹ ልብስ ነው፤ እሱም ካመጡት።

“ልጅ አለሽ” አሏት ቀስ ብለው። “ባልሽ ግንባር ነው። አትንቀዥቀዢ። ልጁ የት እንደነበር ይናገር፣ ትጽፊያለሽ፣ አበቃ።”

* * *

አምባዬ ግን አልተናገረም።

“እሁድ የት ነበርክ?”

“ጋራዥ አልነበርኩም፣ እትዬ።”

“የት እንዳልነበርክ አልጠየቅኩህም። ዘመቻ ለምን ቀረህ?”

 ከንፈሩ አብጧል፤ አብዮት ጥበቃዎቹ አስቀድመው ጠይቀውታል። ወደ ክፍሉ ከመግባቷ በፊት በበሩ ቀዳዳ ያለ ቃል አንድ ዜማ ሲያንጎራጉር ሰምታዋለች፤ ቁልፉ ሲንቀሳቀስ ነው ያቆመው። የምታውቀው ዘፈን አልነበረም። የቤተ ክህነትም ዜማ አይደለም።

“ቅዳሜ በምን ተጣላችሁ?”

“አልተጣላንም። ተቆጡኝ።” ትንሽ ፈገግ ሊል ሞከረና ከንፈሩ አመመው። “ያቺ መኪና ላሜራ አይደለችም። ፋይበር ግላስ ናት። የመስታወት ክር ጨርቅ ነው፣ በሙጫ ተነክሮ የደረቀ። ላሜራ ቢጣመም በመዶሻ ይመለሳል። ይሄ አይጣመምም፤ ይሰነጠቃል። እያንዳንዱ ቡሎን ሥር የየራሱ ሮንዴላ አለው፤ አንዱ ጋ ሁለት፣ አንዱ ጋ ሦስት። ፓራፋንጎው ከበሩ ጋር እኩል የሚሆነው በእነሱ ነው። ቅዳሜ መልሰን ስንገጥመው እኔ አንዱን ቡሎን በኪያቤ ጠበቅ አደረግኩት፤ ቋ አለ። ጋሽ መሐመድዘይን ‘አንተ በሬ! ይሄ የትራክተር ጎማ መሰለህ? በጣትህ አጥብቅ፣ ኪያቤው ለስንብት ነው’ ብለው ጆሮዬን ጎተቱኝ። ሁሉም ሳቀ። ይኸው ነው ጠቡ።”

“ከፓራፋንጎው ኋላ ቀዳዳ አለ። ታውቀዋለህ?”

“ቀዳዳ?” ዓይኑ ፈጠጠ። “ቀዳዳ አልነበረም። ልጥፍ ነበር። ጋሽ መሐመድዘይን ፓራፋንጎውን ያወለቁ ጊዜ አሳዩኝ። ‘ይሄን ፋብሪካ አልሠራውም፤ አንድ ሰው በእጁ ነው የደፈነው፣ ውስጡ ነገር አለ’ አሉ። ሰኞ ለአለቃ እነግራለሁ ብለው ነበር።”

 እውነቱን እየነገራት ነው፤ እውነቱ ግን አንገቱ ላይ ገመድ ያስገባል። ስለ ልጥፉ ከሟቹ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ከሆነ፣ ቡሎን አጥብቆ የሰነጠቀም እሱ ከሆነ፣ ሐሙስን መጠበቅ ምን ይጠቅማል?

“አምባዬ፣ እናትህን አስባት። የት ነበርክ?”

“እሷን ነው የማስበው” አለ፣ ወደ ግድግዳው እየዞረ። “እሷንና ሌሎቹን።”

* * *

ጎረቤቷ እትዬ ሻሼ ሮማነወርቅ ሥራ ስትውል ልጇን ኢፍቱን ትጠብቅላታለች፣ ልብሷንም ታጥባለች። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ቤት ስትደርስ ልጅቷ እያለቀሰች ሆዷን ትቧጥጣለች። አንገቷና ብብቷ ቀልቷል።

“ኩፍኝ ነው?” ሮማነወርቅ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ልጅቷን ነጠቀች። “ትኩሳት አላት? ለምን አልላክሽብኝም?”

“ትኩሳት የላትም። ጠዋት የታጠበ ልብስ ቀየርኩላት፤ ከዚያ ጀምሮ ነው። እኔም እጄን ይበላኛል፣ እይው።”

ሮማነወርቅም ከትናንት ጀምሮ ክንዷን እያከከች ነበር፤ ከጭንቀት ነው ብላ ትታዋለች። ልጅቷን አቅፋ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች። እየሮጠች ሁሉንም አሰበች። ፈይሳ ቢመለስና ልጅቷን ባያገኛትስ? ጨርሶ ባይመለስስ? ሰንበታ ቢቆጣና አንድ ቀን ማታ በሩን ቢያንኳኩስ?

ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ፣ የልጅቷን ቆዳ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለው።

“በሽታ አይደለም። የሚያብረቀርቅ ነገር ይታይሻል? መስታወት ነው፣ እንደ ጠጉር የቀጠነ። ከቤታችሁ ጋራዥ የሚሠራ ማነው?”

“ማንም።” ከዚያ ነጩ አቧራ ትዝ አላት። “ጎረቤቴ የኔን ልብስ ከልጄ ልብስ ጋር ነው ያጠበችው።”

“አንዴ ውኃው ውስጥ ከገባ ሁሉም ጨርቅ ላይ ይሰካል። በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቂያት። አትሺያት፣ ይብስባታል።”

ሮማነወርቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ልጇ ደህና ስለሆነች ነው ያለቀሰችው፤ የመኪናዋን ነገር ለጊዜው አላሰበችውም።

* * *

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ የሚጠረጠር ሰው አገኘች። ሳሊህ የሚባል የመቂ የአትክልት ደላላ ባለፈው ሳምንት የጭነት መኪናው በጊዜ አልተሠራችም ብሎ ጋሽ መሐመድዘይንን “አፈር ያስበላህ” ብሏቸው ነበር። ገበያ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

“ብያለሁ! አልክድም” አለ፣ እጁን ደረቱ ላይ መትቶ። “ቲማቲሜ በስብሶብኝ ምን ልበል፣ ልሳመው? እሁድ ግን መቂ ነበርኩ። ከንጋት እስከ ምሽት ስጭን። ጫኚዎቹን ጠይቂ፤ ሲሰድቡኝ ነው የዋሉት።”

ጫኚዎቹ ሁለቱ እዚያው ነበሩ። ሲሰድቡት መዋላቸውን በደስታ መሰከሩ።

ከዚያ የቀረው ሰንበታ ራሱ ነው። ቢሮው ውስጥ ሻይ አስመጣላት። አልተቆጣትም፣ አላስፈራራትም፤ ያም ራሱ አስፈራት።

“እኔንም ትጠይቂኛለሽ? ጎሽ፣ መርማሪ እንዲህ ነው” አለ እየሳቀ። “ወንጂ ነበርኩ። የቡድኑ መሪ እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከሰፊው ሕዝብ ጋር ገጀራ ይዤ አገዳ ስቆርጥ ዋልኩ። ይኸውልሽ ዋጋው።” እጅጌውን ሰበሰበ። ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ሽፍ ብሎ ቀልቷል፤ ሲያወራም አንገቱን በኮሌታው ሥር ያካል። “የአገዳ ጠጉር ነው። የቢሮ ሰው ገላ አይችለውም።”

ሮማነወርቅ ነገሩን አመነችው። ተወልዳ ያደገችው ወንጂ፣ በአገዳ ሠራተኞች ሰፈር ነው። እናቷ እርጥብ አገዳ ስታርም ውላ ማታ ማታ ክንዷን በጨው ውኃ ስታሽ አይታለች። “ጨው ያድርጉበት ጓድ” አለችው እንዲያውም፣ እንደ ልጅነቷ።

“አየሽ፣ የሠራተኛ ልጅ!” አለ። “እንግዲህ የሠራተኛ ልጅ ለአናርኪስት አትራራም። ሐሙስ እንዳይዘገይ።”

* * *

ረቡዕ ጠዋት የሸንኮራ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍራ ወንጂ ወረደች። ለምን እንደምትሄድ ራሷም በደንብ አታውቅም። አምባዬን ሞት እየጠበቀው ወንበር ላይ መቀመጥ ስላቃታት ነው።

የአገዳ ቆራጮቹ አለቃ ካቦ ሱሌማን የአባቷ ጓደኛ ነበር። ዘመቻው የተደረገበት እርሻ ላይ ገጀራውን ትከሻው ላይ አጋድሞ አገኘችው።

“አካም ጅርታ፣ የኛ ልጅ! ኮፍያ አድርገሽ መጣሽብን? ምን ሰርቀን ነው?”

“ሰው ፈልጌ ነው፣ ጋሼ። እሁድ የጋራዡ ሰዎች እዚህ ነበሩ?”

“ነበሩ። መቁረጥ አያውቁም፤ የሰው እግር ሊቆርጡ ነበር። ያ ረጅሙ መሪያቸው ጠዋት ንግግር አደረገ። ፀሐዩ አናታችን ላይ ወጣ፣ እሱ ገና ‘በመጀመሪያ ደረጃ’ ይላል።”

“ቀኑን ሙሉ ቆረጠ?”

“ማን፣ እሱ? ንግግሩን ጨርሶ ሞተሩን አስነሳ። ሌላውን ቡድን ልይ ብሎ ሄደ። ወደ ማታ ሰዉ መኪና ላይ ሲጫን ተመለሰ፤ ከፊት ተቀምጦ ዘፈን አስጀመረ።”

ሌላው ቡድን ደግሞ አይተነዋል ሊል ይችላል፤ ካድሬን አላየንም የሚል ማን አለ? ተስፋ ቆርጣ ዞር ስትል የቀሚሷን ጠርዝ አየችው። ጠቁሯል። ጫማዋም ጠቁሯል። እርሻው እስከ ዳር ድረስ ጥቁር ግንድ ብቻ ነው፤ አመዱ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይነሳል።

“ጋሼ፣ ይሄ የተቃጠለው መቼ ነው?”

“ቅዳሜ ማታ ነዋ። መቼም ሳናቃጥል አንቆርጥም፤ ረሳሽው እንዴ? ቅጠሉ ይነድዳል፣ እባቡ ይሸሻል፣ ከዚያ እንገባለን። የጋራዡ ሰዎች ሲመለሱ ማየት ነበረብሽ፤ ጥርስ ብቻ ሆነው!”

አልረሳችውም። አባቷ ከቆረጣ ሲመለስ እናቷ በር ላይ በባልዲ ውኃ ትጠብቀው ነበር፤ ከሰል መስሎ ስለሚመጣ ሳይታጠብ አይገባም። አባቷ ግን ገላውን አክኮ አያውቅም። የምታከው እናቷ ናት፤ እርጥቡን የምታርመው። የተቃጠለ አገዳ ጠጉር የለውም። እሳቱ ቀድሞ ይበላዋል።

ታዲያ ሰንበታን ምን ነከሰው?

ልጇ ሆዷን ስትቧጥጥ ታያት። የሻሼ እጅ፣ የራሷ ክንድ፣ የሰንበታ ክንድና አንገት። በጠራራ ፀሐይ እጅጌዋን ሰብስባ የራሷን ሽፍታ አየች። እስካሁን የፈራችው ገዳዩን እንዳታጣው ነበር። አሁን ደግሞ ስላገኘችው ፈራች።

“ምነው ልጄ? ጉንዳን ነከሰሽ?”

“ምንም አይደለም ጋሼ። እኔ እንደመጣሁ ለማንም አይንገሩ።”

ካቦው ሳቁን አቆመ። “ማንም አልመጣም” አለና ገጀራውን አንስቶ ሄደ።

* * *

ማከክ ምስክር አይሆንም። እስከ ነገ ጠዋት ሊድን ይችላል፤ ሰንበታም ትኋን ነው ሊል ይችላል። የምትይዘው ነገር ያስፈልጋታል። ሰኞ ጠዋት ሰንበታ የለበሰው ካኪ የተተኮሰ፣ ንጹሕ ነበር። የእሁዱስ የት ሄደ? ያን ጊዜ በጋራዡ በር ላይ መሬት የወደቀው የልብስ እስር ዓይኗ ላይ መጣ።

የወይዘሮ ጤናዬ ቤት ከባቡር ጣቢያው ኋላ አንዲት ክፍል ናት። በሯ ገርበብ ብሏል። ሴትየዋ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ደርቋል፤ እስሩ እንደታሰረ ጥግ ላይ ነው።

“እማማ ጤናዬ፣ ይሄን ልብስ አላጠቡትም?”

“ልጄ ታስሮ የሰው ልብስ ላጥብ?” አለች፣ ቀና ሳትል። “እጄ አልታዘዝ አለኝ።”

ሮማነወርቅ ተንበርክካ እስሩን ፈታች።  ቱታ፣ ቱታ፣ ሸሚዝ። ቱታዎቹ ሁሉ እሁድ አገዳ የቆረጡት ሰዎች ልብስ ናቸው፤ ጥላሸት ናቸው፣ ሲነኳቸው ያጠቁራሉ። ከሥር አንድ ካኪ ኮት ወጣ፤ ረጅም፣ ደረቱ ላይ የዓርማ መርፌ ቀዳዳ ያለው። ጥላሸት የሚባል አልነካውም። እጅጌው ግን ነጭ አቧራ ለብሶ ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ብልጭ ብልጭ ይላል።

“ይሄ የማነው?”

“የጓድ ሰንበታ ነው። ከነሱ ካኪ የሚለብስ እሱ ብቻ ነው። ሰኞ ማለዳ እንደ ሁልጊዜው በዘበኛው ሰጠኝ። ሽማግሌው መሞታቸውን ገና አልሰማሁም ነበር።” ጤናዬ ጣቷን እጅጌው ላይ አሳረፈችና ሰበሰበችው። “ይሄ የመስታወቱ ነው። የአምባዬን ቱታ ለብቻ ነው የማጥበው፤ ካልሆነ ሰውን ሁሉ ይፈጃል። እሱ ግን አስተዳዳሪ ነው፣ ከመስታወት ምን አገናኘው?”

ሁለቱም ተያዩ። ጤናዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

“እማማ፣ አምባዬ እሁድ የት እንደነበር ያውቃሉ?”

“አውቃለሁ።” እንባዋ መጣ። “አብሬው ነበርኩ። ብናገር ልጄ ይወጣል። ግን እዚያ ቤት የነበሩት የሌሎች እናቶች ልጆች ይገባሉ። እግዚአብሔርን ስለጠራን ብቻ። አንቺ እናት ነሽ፤ ምን አድርጊ ትይኛለሽ?”

ያ ቃል የሌለው ዜማ ምን እንደነበር ሮማነወርቅ አሁን ገባት። በስውር ቤት ለቤት የሚጸልዩ ሰዎች መዝሙር ነው፤ ሰፈርተኛው ጴንጤ እያለ የሚጠቁማቸው።

“ምንም አይበሉ” አለች። “እኔም አልጠየቅኩዎትም።”

በዚህ መካከል የጫማ ኮቴ ተሰማ። ሮማነወርቅ ኮቱን ጠቅልላ ከደንብ ልብሷ ሥር፣ ከገላዋ ጋር አጣብቃ ቆለፈችበት። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ አንግተው ገቡ። እሷን ሲያዩ ቆም አሉ።

“የጓድ ሰንበታን ካኪ ስጪን” አለ አንዱ ለጤናዬ። “ታጠበም አልታጠበም አምጡት ብሏል።”

 ሮማነወርቅ ወገቧን ይዛ ቆመች። የመስታወቱ ክር ሆዷን መንከስ ጀምሯል፤ እንደ ሳማ ወደ ደረቷ እየወጣ ነው።

“ይሄ የተጠርጣሪ ቤት ነው” አለች። “ፍተሻ ላይ ነኝ። ምንም ነገር አይወጣም።”

“ጓድ ሰንበታ ነው ያለው!”

“ጓድ ሰንበታ ለሻምበል ይንገሩ። ከፈለጋችሁ እዩ፤ ቱታ ነው።”

አንደኛው ጠባቂ በሰደፉ ልብሱን በታተነው። ጥላሸቱ ቦነነ። ጓደኛው አስነጠሰ። ሮማነወርቅ አልተነቃነቀችም። ሰውነቷ ሁሉ በእሳት የተያዘ ይመስላታል፤ ጣቶቿ ሊያኩ ይዘላሉ፤ ጨበጠቻቸው። ጠባቂው ፊቷን አተኩሮ አየ።

“ምነው አላበሽ?”

“ልጄ ታማብኛለች” አለች። ድምፅዋ እውነት ነበር የሚመስለው፤ ትናንት እውነት ስለነበረ።

“እንነግረዋለን” አሉና ወጡ። ኮቴያቸው እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ ግድግዳው ላይ ተደግፋ እንደ ሕፃን አለቀሰች፤ ጤናዬ አቀፈቻት።

* * *

ሻምበል ኢተፋ ጠረጴዛቸው ላይ የተዘረጋውን ኮት በእርሳስ ጫፍ ገለጡት።

“ይሄ ጨርቅ ነው፣ ሃምሳ አለቃ። ካድሬን በጨርቅ ላስር?”

ሮማነወርቅ የአንገት ቁልፏን ፈታ አሳየቻቸው። እስከ ደረቷ ድረስ ቀልቷል። “ከጤናዬ ቤት እስከዚህ ብቻ ነው የያዝኩት፣ ጌታዬ። እጅጌውን ክንድዎ ላይ ይሹት።”

“አላብድም።”

“እባክዎ።”

አሹት። ሲጋራ ለኮሱ። ጭሱን ሁለት ጊዜ ሳይስቡ ክንዳቸውን ማከክ ጀመሩ። እያከኩ የወንጂውን ነገር፣ የጥላሸቱን ነገር አዳመጡ። ፓራፋንጎውን መልሶ የገጠመው ሰው ሮንዴላዎቹን መሬት ላይ መበተኑን፣ የሙያው ሰው ቢሆን የትኛው የት እንደሚገባ እንደማይስት ነገረቻቸው። ሲጋራው በጣታቸው አለቀ።

“እሺ፣ እሱ ነው” አሉ በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ። “እሱ ከሆነ ደግሞ እኔና አንቺ ነን ነገ የምንወሰደው።”

“መኪናዋ የተወረሰች ናት፣ ጌታዬ። ውስጧ ያለውም የመንግሥት ነው። ሽማግሌ ገደለ ብንል ማንም አይሰማንም። የሰፊውን ሕዝብ ንብረት ሰረቀ ብንልስ? የእንግዳውን መኪና ሰበረ ብንልስ? ያን ጊዜ ጓደኞቹ ናቸው ቀድመው የሚክዱት።”

ሻምበል ክንዳቸውን ማከካቸውን ተዉ። ከዚያ ስልኩን አንስተው ክፍለ ሀገር ደወሉ። ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ የድሮው ድምፃቸው ነበር።

ፀሐይ ሳይጠልቅ ጋራዡ ተከበበ። ባለርስቱ መኪናዋ ውስጥ ደፍኖት የሄደው የሚስቱ ወርቅ ከአስተዳዳሪው ቢሮ ኮርኒስ በላይ ተገኘ፤ አምባሩም ድሪውም ከመኪናዋ ተቆርጦ ከወጣው ልጥፍ ጋር አብሮ ነው። ሰንበታ መጀመሪያ ፎከረ። ቀጥሎ ወርቁን ለአብዮቱ ሊያስረክብ እንደነበር ተናገረ። ልጥፉን ሲያሳዩት ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

“ቅዳሜ ማታ ቤቴ ድረስ መጥቶ ሽማግሌው ራሱ ነው የነገረኝ” አለ። “‘ሰኞ ልጠብቅ ነበር፣ ግን አንተ አለቃ ነህ’ አለኝ። እሁድ ይመጣል ብዬ መች አሰብኩ? መኪናዋን ሊወለውል መጣ። መጋዝ ይዤ አገኘኝ። ‘ተው፣ ትሰነጥቃታለህ’ ነው ያለኝ። ሌላ ምንም አላለም።”

* * *

ሐሙስ ጠዋት ላንድሮቨሩ በተባለው ሰዓት ጣቢያው በር ላይ ቆመ። ለአምባዬ በተዘጋጀው ቦታ ሰንበታን ጫኑት። የት እንደሚወስዱት ሰዎቹ አልተናገሩም፤ ሮማነወርቅም አልጠየቀችም። መኪናው ሲሄድ ደስ አላላትም። ወንበሩ ባዶውን አልሄደም፤ የተለወጠው የተቀመጠበት ሰው ብቻ ነው።

አምባዬ በሩ ላይ እናቱን አቅፎ ቆመ። ጤናዬ ፊቱን፣ ትከሻውን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች።

“እትዬ” አለ ወደ ሮማነወርቅ ዞሮ። “የት እንደነበርኩ እንደገና አልጠየቁኝም።”

“ጋራዥ ሂድ” አለችው። “ፓራፋንጎው እንደተንጋደደ ነው። ጋሽ መሐመድዘይን እንዳስተማሩህ አድርገህ ግጠመው።”

“በጣቴ” አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

ውስጥ ሻምበል ኢተፋ መዝገቡን ከፍተው ይጠብቋታል። አንድ መስመር ባዶ ነው።

“ልጁ እሁድ የት ነበር?”

“እናቱ ቤት። ተኝቶ።”

“ይሄን ለምን መጀመሪያ አልተናገረም?”

“ፈርቶ ይሆናል፣ ጌታዬ።”

ሻምበል ብዕሩን ይዘው መስመሩን፣ ከዚያ እሷን አዩ። “ፈርቶ” አሉ። “ይሁን። ያልፈራ ማን አለ?” ጻፉት።

ቤቷ ስትደርስ የደንብ ልብሷን አውልቃ ለብቻው ነከረችው። ኢፍቱን በቀዝቃዛ ውኃ አለቀለቀቻት፤ ሽፍታው ጠፍቷል፤ ልጅቷ ውኃውን እየመታች ትስቃለች። ሮማነወርቅ ጭኗ ላይ አስተኝታ ፀጉሯን እየደባበሰች ታንጎራጉርላት ጀመር። ልጅቷ ዓይኗን ከደነች። አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛ ጊዜ ዜማው ተመላለሰ፤ ያለ ቃል፣ ከእስር ቤቱ በር ቀዳዳ እንደሰማችው።

ምን እያንጎራጎረች እንደሆነ የገባት ያን ጊዜ ነው። አፏን በእጇ ያዘች። ጎዳናው ላይ ሰው እያወራ ያልፋል። ልጇን እንዳታነቃት ቀስ ብላ ተነሳችና መስኮቱን ዘጋችው።